ፋሩቅ ሥራ ላይ ነው

እና ምን ይሁን ነው የሚለው ይኼ ልጅ፣ ሀሊማ እንደሆነች ወርዳለታለች፣ ከወንበር ወደ ሰሌን፣ ሰሌኑ ላይ ቡልኮ ታጥፎ ተነጥፏል፣ ቡልኮው ላይ እሱ፣ ከጎኑ እሷ፣ ከዚህ ወዲያ ወዴት ይወረዳል፣ ከዚህ በታች ያለው መቃብር ነው፣ አዑዙቢላህ፣ በጠዋቱ ምን አፍ ነው ይኼ። እሱ ግን ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ለቅሶውን ያቀልጠዋል። እዘይኝ ነው የሚለው። ገና አምስት ወሩ ነው፣ አፍ አልፈታ፣ ጥርስ አላበቀለ፣ እዘይኝን ግን ማንም ሳያስተምረው ያውቃታል፣ እጁ ይዘረጋል፣ አገጩ ይንቀጠቀጣል፣ የታች ከንፈሩ ይገለበጣል፣ ሌላ ቀን ቢሆን ይኼኔ አያቱ ጀርባ ላይ ወጥቶ በነጠላ ተጠፍሮ እንቅልፉን ለጥጦት ነበር። ሌላ ቀን ድሮ ቀረ።

ወገቧ ነው። ወገቧ ሲያንገራግር ሰንብቷል፣ ዛሬ ግን ጨርሶ ከዳት። ምራቷ ሀያት፣ እቴቴ ደህና ይዋሉ፣ በእረፍት ሰዓት ሮጬ መጥቼ አጠባዋለሁ፣ ብላ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች፣ የወሊድ ፈቃዷም የዓመት ፈቃዷም አልቆ ዛሬ ወደ ትምህርት ቤቷ መመለሷ ነው፣ አንደኛ ክፍል ነው የምታስተምር፣ ሀሊማም፣ ሂጂ ልጄ፣ እኔ የለሁም ወይ፣ አለችና የምራቷ ኮቴ ሳይርቅ ልጁን ከቡልኮው ላንሳ ብላ ጎንበስ፣ ያኔ ከወገቧ አንድ ነገር ቋ አለ። ቋ። ቀስ ብላ በጉልበቷ፣ ከጉልበቷ በጎኗ፣ ከጎኗ በመቀመጫዋ ሰሌኑ ላይ አረፈች፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች፣ በዚያው ቀረች። ልነሳ ብላ ሞከረች። ያረቢ። ሁለተኛ አልሞከረችም።

እኮ እሷ ሀሊማ፣ ልጇን አሕመዲንን አዝላ ገብስ ያጨደች፣ አሕመዲንን አዝላ ውሃ የቀዳች፣ በአገሯ በማሻ ዳገት አሕመዲንን ከኋላ እንስራውን ከጎን አድርጋ ከሰው ቀድማ የምትወጣ፣ ዛሬ የአሕመዲንን ልጅ ከምድር ማንሳት አቃታት። ካረጁ አይበጁ አሉ። ማን ነው ያለው፣ ያረጀ አይመስለኝም ያለው፣ የሰፈር ጎረምሳ ይሆናል።

ልጁ ያለቅሳል። እሽ፣ እሽ፣ የኔ ጌታ፣ የኔ ፋሩቅ፣ አብሽር፣ እናትህ አሁን ትመጣለች፣ ትላለች፣ አሁን እንደማትመጣ ግን ታውቃለች፣ አሁን ፀሐይዋ ገና ከበሩ ስር ነው ያለችው፣ ሀያት የምትመጣው ፀሐይዋ ሰሌኑ ዳር ስትደርስ ነው፣ እስከዚያ በለቅሶ ይፈነዳል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ ጎረቤት ደግሞ አበዛሽ ናት፣ አበዛሽ ከሰማች የመካነ ሰላም ከተማ በሙሉ ሰማ። መጣራት አይቻልም። አንድ ጊዜ፣ አበዛሽ ድረሽልኝ ወገቤን፣ ካለች በቃ፣ ያለቀለት ነው፣ ማታ አሕመዲን ከደሴ መስመር ሲመለስ ሚኒባሱን ሳያቆም ይነገረዋል።

አርብ ለት የተባለውን በጆሮዋ ሰምታለች። ከመጋረጃው ወዲህ ሆና መቀነቷን ስታጠብቅ፣ የማን ጆሮ ይደፈናል፣ አሕመዲን ለሚስቱ፣ አቦ እማም ትረፍ በቃ፣ ደክሟታል፣ አጅባር ላይ የአጎቴ ልጅ አለች፣ አምጥተን ልጁን ትያዝ፣ ይላል። ሌላውን ለመስማት አልቆመችም። ትረፍ። ልጇ ክፉ አላሰበም፣ ለእናቱ አዝኖ ነው፣ ታውቃለች፣ ግን ማረፍ ለእሷ ማለት ማሻ ነው፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የተዘጋው ቤት፣ ማለዳ ተነስታ እንዴት አደራችሁ የምትለው ሰው የሌለበት ቤት። የሠራ ሰው እንጂ ያረፈ ሰው በሰው ቤት ምን ይሠራል። እዚህ እኮ ማለዳ ስትነሳ አንድ ድዱን የሚያሳያት አለ፣ ፊቷን ሲያይ እግሩ በደስታ ቡልኮውን የሚደበድብ፣ በዚህ ዕድሜዋ ማን እንዲህ ደስ ብሎት ያያታል። ትፈራለች። አዎ ትፈራለች፣ ለማን ትደብቃለች፣ ከዚህ ልጅ እንዳይለዩዋት ትፈራለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ይኼን ተረት ለስንቱ ተርታለታለች፣ ለራስ ሲሆን ግን ተረቱም አይዋጥም።

እንዴት እንደደበቀችው እሷ ናት የምታውቀው። ባለፈው ሰሞን ዙህር ሶላት ላይ ሩኩዕ ወርዳ መቅናት አቃታት፣ ምን ታድርግ፣ እንደጎበጠች ሱጁድ ወረደች፣ ከሱጁድም መነሳት እምቢ አለ፣ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ እንደደፋች ቀረች፣ ያረብ ጀነትን አልለምንህም፣ ብቻ ወገቤን ፍታልኝ፣ ምራቴ ልትገባ ነው፣ አንሳኝ፣ ስትል ሀያት በእግር ጣቷ እየረገጠች ገባች፣ አየቻት፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ተመልሳ ወጣች፣ ማታ ለባሏ ምን ብትለው ጥሩ ነው፣ የእቴቴ ዱዓ እንዴት ይረዝማል። ሀሊማ ያኔ ወጥ ስታወጣ ነበር፣ ጭልፋውን ይዛ ሳቋን እንዴት እንደቻለችው። አላህ ይቅር ይበላት፣ ከዚያ ወዲህ ግን እውነትም ዱዓዋ ረዝሟል።

ያለቅሳል አሁንም። ጭኗ ላይ ልጎትተው ብላ እጇን በብብቱ ሰደደች፣ ወገቧ፣ እእ፣ አለ፣ ተወች። ልጁ ደግሞ ማሻአላህ ነው፣ ቱፍ ቱፍ፣ የእናቱ ጡት ተስማምቶታል፣ ሲይዙት የጤፍ ከረጢት ነው።

እስቲ ይኼን ግሳንግስ። የሀያትን ግሳንግስ። ባዶ የውሃ ሃይላንድ ውስጥ ባቄላ ከትታ ክዳኑን በፕላስተር ጠፍራ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ የፕላስቲክ ኩባያ፣ ቀይ የጨርቅ ቁራጭ፣ ሁሉን በቅርጫት አድርጋ ሰሌኑ ዳር ታስቀምጠዋለች፣ ጤና ጣቢያ ለክትባት ሄዳ ሲስተሯ ነግራት ነው፣ ከዚያ በስልክ ቪዲዮ ታያለች፣ ከዚያ የክፍል ድምጿን አውጥታ፣ ሕፃኑ በራሱ በሚጫወትበት ጊዜ ጡንቻው ይጠነክራል፣ የማወቅ ጉጉቱ ይዳብራል፣ የአእምሮ እድገቱ ይፋጠናል፣ እቴቴ። አሃ። አሕመዲን ጀርባዬ ላይ ነው ያደገ፣ አእምሮው ምን ሆነ፣ ያን የደሴን ጠመዝማዛ በዝናብ በጉም የሚነዳው በምኑ ነው፣ በእግሩ? ሀያት ሳቀች፣ ተማሪ ሲበጠብጥ እንደምትስቀው ዓይነት፣ ልጁን ሰሌኑ ላይ በሆዱ አስተኝታ ወደ ጓዳ ገባች፣ ሀሊማ ምን አደረገች፣ ሀያት ዞር ስትል ብድግ። በማግስቱም አስተኛችው፣ ዞር ስትል ብድግ። ልጅ ምድር አይጣልም። ልጅ እየተንጠራራ ሳያነሱት ዝም ብሎ ማየት ምን ዓይነት ልብ ነው፣ ከዚህ ሁሉ ጭንቅ ጭኗ ላይ ቢውል ማን ተጎዳ። ወገብ ተጎዳ። ይኸው።

ሃይላንዱን አነሳችና ነቀነቀችው። ሸክ ሸክ ሸክ። ለቅሶው ቀጥ። እንባው ጉንጩ መሀል ላይ ደርሶ ቆመ፣ አፉ እንደተከፈተ ነው፣ ዓይኑ ግን ሃይላንዱ ላይ ነው፣ አንዴ ደግሞ፣ ሸክ ሸክ፣ እግሩ ተንፈራገጠ። አጃኢብ። ባቄላ ነው እኮ፣ ዝም ብሎ ከደጎሎ ገበያ የተገዛ ባቄላ። ከጎኑ ልታስቀምጥለት እጇን ዘረጋች፣ ሙሉ በሙሉ አልደረሰላትም፣ ሃይላንዱ ቡልኮው ላይ አረፈና ተንከባለለ፣ ከእሱም ራቀ ከእሷም ራቀ። በቃ፣ አሁን ነው የሚያለቅሰው። አሁን። አሁን።

አላለቀሰም። አንገቱን ወደ ሃይላንዱ አዞረ፣ ከዚያ ወደ እሷ፣ ከዚያ ወደ ሃይላንዱ። አቀብይኝ እኮ ነው። ልጄ ላቀብልህ ነበር፣ ወላሂ ላቀብልህ ነበር፣ የሚያቀብል ወገብ ጠፋ እንጂ፣ አንተው ጣር። እም እም እም ይላል፣ ዳገት የያዘ መኪና ነው የሚመስል፣ በጀርባው ተኝቶ አንድ እግሩን አነሳ፣ እግሩ በሌላው እግር ላይ አለፈ፣ መቀመጫው ተከተለ፣ አሁን በጎኑ ነው፣ በጎኑ ሆኖ ቆመ፣ ደከመው መሰል፣ ተመልሶ በጀርባው ዘጭ። ሀሊማ ጥርሷን ነከሰች። እንደገና። እግሩ፣ መቀመጫው፣ ጎኑ፣ ፊቱ በርበሬ መሰለ፣ ትከሻው እየዞረ ነው፣ ዞረ፣ ተገለበጠ፣ እጁ ግን ያቺ የግራ እጁ ከደረቱ ስር ተጨፍልቃ ቀረች፣ አፍንጫውን ቡልኮው ላይ ደፍቶ ይነጫነጫል፣ ያቺን እጁን ብቻ ላውጣለት፣ ሌላ አይደለም፣ ያቺን ብቻ፣ እጇ ራሷን ሳያስፈቅዳት ሄዷል፣ ጣቶቿ የቡልኮውን ጫፍ ነክተዋል፣ ከዚያ በላይ ወገቧ አይሰጥም፣ አፍንጫው ቢታፈንስ፣ ቢታፈን ወገቤ ይበጠስ እንጂ እደርሳለሁ፣ አብሽር ልጄ፣ አብሽር፣ ግፋው፣ እንዲህ አድርገህ፣ ትከሻህን፣ እሷም በተቀመጠችበት ትከሻዋን ትገፋለች፣ እንደሱ ታቃስታለች፣ ሁለቱም እም እም ይላሉ፣ ሰው ቢያያቸው ምን ይል፣ ከዚያ ያቺ እጅ ሹልክ ብላ ወጣች።

ወጣች እኮ።

ራሱን ቀና አደረገ። አንገቱ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ቀና ብሏል፣ ዓለምን ከቡልኮ ከፍታ ላይ ቁልቁል ያያል፣ ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። አየሽ ነው የሚለው። አየሁ የኔ ጌታ፣ ሁሉንም አየሁ። ዓይኗ ለምን እንደሚረጥብ አላወቀችም፣ ልጅ ተገለበጠ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ይገለበጣል፣ ምን አዲስ ነገር አለው፣ ግን አሕመዲን መቼ ነው የተገለበጠው? ታስባለች፣ ታስባለች፣ አይመጣላትም። አሕመዲን ጀርባዋ ላይ ነበር። ትንፋሹን በማጅራቷ ታውቀዋለች፣ ሲተኛ ሲከብድ፣ ሲነቃ ሲቀል፣ ሽንቱ ሲሞቃት፣ ይኼን ሁሉ ታውቃለች፣ ፊቱን ግን፣ እንዲህ አንድ ነገር ፈልጎ ጥሮ ጥሮ ሲያገኝ ፊቱ ምን እንደሚመስል አላየችውም፣ ጀርባ ዓይን የለውም። ዛሬ በዚህ ዕድሜዋ አየች። አልሐምዱሊላህ። ይኼስ ወገብ ባይታመም መች ታይቶ።

አሁን ሃይላንዱ እጁ ገብቷል። ገባ ማለት፣ ሲነካው ሸሸው፣ ሲሸሸው በሆዱ እንደ ትል እየተሳበ፣ ተሳበ ይባል እንደሆነ፣ በጣቱ ጫፍ አዙሮ አዙሮ ጎተተው፣ ከያዘው በኋላ የሚያደርገውን አጣና አፉ ውስጥ ከተተው። ኤዲያ፣ ለዚህ ነው ያን ያህል ጉድ? ክዳኑን አየችው፣ ፕላስተሩ ደህና ጠብቋል። ይልሰዋል፣ ይጥለዋል፣ ሸክ ሲል ራሱ ደንግጦ ራሱ ይስቃል፣ ኩባያውን ሲመታው ሌላ ድምፅ፣ ቆም ብሎ ያዳምጣል፣ ደግሞ ይመታል፣ ያው ነው ወይ፣ ያው ነው፣ ደግሞ። ሥራ የያዘ ሰው። በየመሀሉ ቀና ብሎ አለች ወይ ብሎ ያያታል። ልትፈትነው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች፣ እንዴ፣ ኩባያው ፀጥ አለ፣ እንንን አለ፣ ነጠላውን ገለጥ፣ ፊቱ በራ፣ ወደ ኩባያው ተመለሰ። ነገሩ ይኼ ነው ለካ። ብቻውን ይጫወታል የተባለው ልጅ ሰው ተቀምጦለት ነው የሚጫወተው።

ቤቶች!

ወይ ጉድ። አበዛሽ ናት፣ በሩን ገፍታ ገብታለች፣ እዚህ ሰፈር ማን ያንኳኳል። ኖር ማለት ይገባል፣ ኖር የሚባለው ደግሞ ተነስቶ ነው፣ ለአበዛሽ ቀርቶ ለማያውቁት መንገደኛ ይነሳሉ፣ ሀሊማ ደግሞ እንደ እመቤት ግድግዳ ተደግፋ ተዘርግታለች። በግማሽ አፏ፣ ኖር አበዛሽ፣ አለች። በእግዜር፣ አለች አበዛሽ፣ ግን በእግዜሩ ቀዝቅዟል፣ ምነው አልተነሳሽም የሚል ነገር አለበት። ብነሳ ያለቅሳል፣ አለች ሀሊማ ፈጠን ብላ፣ ለዚህ ብዬ ነው፣ አትቀየሚኝ። ሙቀጫ ፈልጌ ነበር፣ አለች አበዛሽ። ከጓዳ በር ጀርባ ነው፣ ገብተሽ ውሰጂ። እንግዳ በራሷ እግር ጓዳ ትላካለች? አበዛሽ ዓይኗን አጠበበች፣ ሀሊማን አየች፣ ሰሌኑን አየች፣ ከዚያ ልጁን አየች፣ አፏን በእጇ ያዘች፣ ኧረ በእመብርሃን ልጁን ምድር ጥላችሁ፣ እንደ ውሻ ቡችላ በሆዱ፣ በዚህ ብርድ፣ ና የኔ ቆንጆ ማን ጣለህ፣ ብላ ሁለት እጇን ዘርግታ ጎንበስ አለች። እነዚያን እጆች ሀሊማ ታውቃቸዋለች። የራሷ እጆች ናቸው። አሁን ብድግ ታደርገዋለች፣ ጨዋታው ያልቃል፣ ከተነሳ ደግሞ ተመልሶ ምድር አይወርድም፣ አበዛሽ ሙቀጫዋን ይዛ ስትሄድ እዬዬው እንደ አዲስ ይጀመራል፣ ከዚያ ማን ያዝለው።

«ተይው አበዛሽ፣ ሥራ ላይ ነው።»

አበዛሽ እንደጎነበሰች ቀረች። ምን ላይ? ሥራ ላይ። አታይውም፣ ኩባያውን እየመረመረ ነው፣ ጡንቻው እየጠነከረ፣ የማወቅ ጉጉቱ እየዳበረ፣ አንጎሉ እየሰፋ፣ ሲስተሯ ናት ያለችው። ከየት መጣ ይኼ ሁሉ ቃል፣ ከሀሊማ አፍ ነው የወጣው፣ ያውም በሀያት የክፍል ድምፅ። አበዛሽ ሳቋ መጣ፣ ከዚያ ልጁ ማንኪያውን ሳይታሰብ ኩባያው ውስጥ ሲከተው አየችና ሳቋን ረሳች፣ በርጩማውን ስባ ተቀመጠች፣ እንዲህ ነው እንዴ፣ እንዲህ ነው፣ የኔ የልጅ ልጅ እኮ ከጀርባ አልወርድም ብሎ ገደለን። አውርዱታ፣ አለች ሀሊማ። ታዲያ፣ አለች አበዛሽ ለመሄድ ስትነሳ፣ እሱ ሥራ ላይ ከሆነ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ? እሱ ይጫወታል፣ እኔ እታያለሁ። አበዛሽ ከጓዳ ያወጣችውን ሙቀጫ በብብቷ ይዛ፣ የተመቸሽ ሴት፣ እያለች ወጣች። ስለ ወገብ ትንፍሽ አልተባለም። ዳነች ማለት ነው። ዛሬን ዳነች፣ ነገስ፣ ነገ ደግሞ አላህ ያውቃል።

ፀሐይዋ ሰሌኑ ዳር ደርሳለች። ኮቴ። እየሮጠች ነው፣ በዚህ ጫማ ትወድቃለች። ሀሊማ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ፊቷንም አስተካከለች፣ እግሬ ደንዝዞ ነው ትላለች፣ አሁን ተቀምጬ ነው ትላለች፣ ከዚያ ሀያት ስታጠባ ቀስ ብላ ግድግዳውን ይዛ፣ ይቻላል፣ መቻል አለበት። በሩ ተከፈተ። ሀያት እጇ ላይ ጠመኔ አለ፣ ደረቷን ወተት አርጥቦታል፣ ልጁ ያለቅሳል ብላ የለቅሶ ፊት ይዛ ነው የመጣችው፣ ያ ፊት ሥራ አጥቶ ቀረ። ልጁ ጀርባውን ሰጥቷታል፣ ኩባያ ይደበድባል። አላነሳችውም። ጫማዋን አውልቃ በእግር ጣቷ መጣችና ከሀሊማ ጎን ሰሌኑ ላይ ቁጭ አለች፣ ሁለቱም ግድግዳውን ተደገፉ።

ተገልብጧል እኮ፣ አለች ሀሊማ በሹክሹክታ፣ ራሱን ችሎ፣ እኔ እጄን አላስገባሁም። ሀያት እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ሳቀች። ከዚያ ዞር ብላ አየቻት። ትኩር ብላ አየቻት።

«ወገብዎ ነው አይደል፣ እቴቴ?»

እግሬ ደንዝዞ ልትል አፏን ከፈተች። አልወጣም። ማን ነገረሽ? ማንም፣ አለች ሀያት፣ ዓይኔ አለ፣ ከአልጋ ሲወርዱ ቋሚውን ይዘው ነው፣ ጫማዎን በእግርዎ ነው የሚፈልጉት። ወይ መጋለጥ። በቃ፣ አጅባር፣ ልጅቷ፣ ማሻ፣ የተዘጋው ቤት፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣባት፣ ሀያት ግን እያወራች ነው፣ ቀስ ብላ፣ ልጁን እንዳትበጠብጠው፣

«ሲስተሯ ያለችው እውነት ነው፣ እኔ ግን ምድር ላስለምደው የደከምኩት ለእርስዎ ብዬ ነው። ሳያዝሉት እንዲይዙልኝ። ለአሕመዲንም ነግሬዋለሁ፣ ከእቴቴ ሌላ ሰው ልጄን አይዝም ብዬ።»

ለእሷ ነው። ሰሌኑ፣ ቡልኮው፣ ባቄላው፣ ያ ሁሉ የክፍል ድምፅ፣ ለእሷ ወገብ ነበር፣ እሷ ደግሞ ምራቷ ዞር ባለች ቁጥር ብድግ፣ ብድግ፣ ብድግ፣ ያረቢ ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ፣ እና ይቺ ልጅ ይኼን ሁሉ እያየች አንድ ቀን እንኳ ቃል አልወጣትም፣ አፍሬ እንዳልሞት ነው፣ የመጣባት ደስታ ነው፣ ቁጣም አለበት፣ ሳቅም፣ የትኛው እንደሚወጣ አላወቀችም። ምርቃት ልትመርቃት ፈለገች፣ ምርቃቱ ሁሉ ጠፋባት። ፋሩቅ ቀና ብሎ ሁለቱንም አያቸው፣ አሉ፣ ወደ ኩባያው ተመለሰ።

ሀሊማ ሁለት እጆቿን ወደ ምራቷ ዘረጋች።

«በይ አንሺኝ፣» አለች።